መወርወሪያውን ማን አወረደው?

ስንዱ ትባላለች። ዕድሜዋ ዐሥር ነበር። ቤታቸው ጋይንት ውስጥ፣ ከቤተ ልሔም ደብር ወደ ስማዳ በሚያወርደው መንገድ ዳር፣ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። ዘመኑ የንግሥት ዘውዲቱ ነው። እናንተ ያን ጊዜ አልተወለዳችሁም። እኔም አልተወለድኩም፤ ስለዚህ እንደዚያ አትዩኝ።

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። ንጉሴ! አፍህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? የጎደለው ቆሎ ነው? "ምንም" አልክ? እሺ፣ ምንም ይሁን። ዐይኔ ግን አንተ ላይ ነው።

የስንዱ አባት ይርጋ ይባላል፣ ገበሬ ነው። በዚያ ዓመት ከእርሻው ሌላ አንድ ከባድ አደራ ተሰጥቶት ነበር። የማርያም የስለት ሰንጋ የሚቀለበው እሱ በረት ነው። ሰንጋው ቀይ ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት "ቦቃ" ይሉታል። ለጥር ማርያም ይታረዳል፤ አገሬው፣ ድኻው፣ መንገደኛው ሁሉ ከእሱ ይቀምሳል። እስከዚያ ድረስ ቦቃ ቢጠፋ፣ ቢታመም፣ ቢከሳ ጠያቂው ብዙ፣ ተጠያቂው ይርጋ ብቻ ነው።

ስንዱም የራሷ አደራ ነበራት። ማታ ማታ አባቷ ከአሞሌው ትንሽ ጨው ይሰብርና፣ "እንቺ፣ ይህን ለቦቃ አስልሺው" ይላታል። ከብት ጨው ካጣ ይቅበጠበጣል፤ በረት አይበቃውም።

ጨው ስላችሁ ዛሬ በየሱቁ እንደሚገኘው እንዳይመስላችሁ። በዚያን ጊዜ ጨው ከሩቅ አገር በአህያና በበቅሎ ተጭኖ ነው የሚመጣው። እናት ደብቃ ነው የምታስቀምጠው። ለልጅ ጨው መላስ ማለት ለእናንተ ከረሜላ መምጠጥ ማለት ነው። አሁን ገባችሁ? እንግዲህ ያን ከረሜላ ለበሬ አድርሺ የተባለችው ልጅ ናት ስንዱ።

በመጀመሪያው ማታ አንድ ጊዜ ብቻ ላሰችው። "ትንሽ ብቻ" አለች። የቀረውን ለቦቃ ሰጠችው። በማግስቱ ላሰች፤ ከዚያ ቆረጠመች፤ ከዚያ ግማሹን በበረቱ የድንጋይ ካብ ቀዳዳ ውስጥ ደበቀችው። "ትንሽ ብቻ" አለች አሁንም። ይህችን "ትንሽ ብቻ" የምትል ቃል እናንተም በደንብ ታውቋታላችሁ። ጥቂት ቆይቶ ለቦቃ የሚተርፈው ምንም ሆነ። የተደበቀውን ለጎረቤት ልጆች ታካፍላለች፤ እነሱም "ስንዱዬ፣ ስንዱዬ" እያሉ ይከተሏታል። ቦቃ እጇን ልሶ ልሶ ሲያጣ ቀና ብሎ ያያታል።

"እንደዚያ አትየኝ!" ትለዋለች።

አሁን ደግሞ ስለ አንድ ሰው ልንገራችሁ። አንዳርጌ ይባላል። በወጣትነቱ የታወቀ የከብት ሌባ ነበር። ከእስቴ ነድቶ ስማዳ ይሸጣል፤ ከስማዳ ነድቶ እስቴ ይሸጣል። ስሙ ሲነሣ ሰው በረቱን ይዘጋል። ከዚያ ድንገት ጠፋ። "ሞቷል" ተባለ፤ "እሰይ" ያለም አልታጣ። ለካ ገዳም ገብቶ፣ ንስሐውን ተቀብሎ፣ ለመነኮሳቱ ውኃ እየቀዳ እንጨት እየፈለጠ ብዙ ዓመት ኖሯል። በኅዳር ወር ከስቶና ሸብቶ ተመለሰ፤ ከመንደሩ ዳር ትንሽ ጎጆ ቀለሰ።

"አንተ ሌባ!" ሲሉት አይቆጣም።

"ያ ሰውዬ ሞቷል ወንድሜ" ይላል። "እኔ ሌላ ነኝ።"

ማን ይመነው? ማንም። ለባልቴቶች እንጨት ለቅሞ ሲያመጣ "ምን ሊሰርቅ አስቦ ነው?" ይባላል። ሰላም ሲል "ምን ፈልጎ ነው?" ዝም ሲል "ምን ደብቆ ነው?" ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ረጅም ሰዓት ሲጸልይ "ዕቃ ቤቱን እየሰለለ ነው" አሉ። ምስኪኑ ቢያስነጥስ እንኳ ምክንያት ይፈለግለት ነበር። ከሁሉ የባሰችው ግን የስንዱ እናት ፈትለወርቅ ነበረች።

"እኔን አያታልለኝም!" ትላለች። "ዐይኑን አይታችሁታል? በረት በረቱን ነው የሚያየው!"

የጥምቀት ዕለት ታቦቱ ወንዝ ወርዶ፣ አባ ወልደማርያም ጸበሉን ይረጩ ነበር። አባ ወልደማርያም የደብሩ ቄስና የነስንዱ የነፍስ አባት ናቸው። ከመርጨታቸው በፊት እንዲህ ብለው አስተማሩ፦ "ልጆቼ፣ በጥምቀት ከውኃና ከመንፈስ ተወልደናል። አንድ ጊዜ ተወልደናል፤ ጥምቀት አይደገምም። ኃጢአት ያቆሸሸው ግን በንስሐ ይታደሳል። የታደሰውን ሰው በአሮጌ ስሙ የሚጠራ፣ የእግዚአብሔርን ሥራ ይሰድባል።"

ሁሉም "አሜን" አለ። ወዲያው አንዳርጌ ጸበል እንዲረጩት ጠጋ ሲል ሁሉም ነጠላውን ሰብስቦ ፈቀቅ አለ። አያችሁልኝ? አሜኑ ገና ከአፋቸው አልወጣም።

ስንዱ አባን ቀረብ ብላ ጠየቀቻቸው።

"አባ፣ ሰው ጢም ካወጣ በኋላ እንዴት ይወለዳል? እናቱስ ታውቃለች?"

አባ ሳቁ። "በእምነት ነው ልጄ። ትናንት የተወለደ ሕፃን ምን አለው? ጉልበት የለው፣ ጥሪት የለው። አባቱንና እናቱን አምኖ ብቻ ነው የሚኖረው። አንዳርጌም እንደዚያ ነው። ሰው ባያምነው፣ እሱ እግዚአብሔርን አምኖ ይኖራል።"

ስንዱ ራሷን ነቀነቀች። በልቧ ግን ከእናቷ ጋር ነበረች።

ጥምቀት ካለፈ ጥቂት ቀን በኋላ፣ አመሻሽ ላይ፣ ቦቃ የጨው አምሮቱ ተነሥቶበት ነበር። ያገሳል፤ በቀንዱ የበረቱን መወርወሪያ ይገፋል። መወርወሪያ የሚባለው በሩ ላይ አግድም የሚገባው ወፍራም እንጨት ነው። መወርወሪያው ከግማሽ በላይ ሸርተት ብሎ ወጥቷል። ስንዱ ካቡ ሥር ቆማለች፤ ጉንጯ በጨው ተወጥሯል። አንዳርጌ እንጨት ተሸክሞ ሲያልፍ አየና ቆመ። ሸክሙን አወረደ፤ መወርወሪያውን በሁለት እጁ ይዞ ገፍቶ ወደ ቦታው መለሰው።

"ልጄ፣ ይህ በሬ አንድ ነገር ጎድሎታል። መወርወሪያውን ደህና አድርገሽ ጠብቂ" አላት።

ስንዱ መልስ አልሰጠችም። በምን አፏ?

"ጉንጭሽ ውስጥ ምን አለ?" አለና ፈገግ ብሎ እንጨቱን ተሸክሞ ሄደ።

ስንዱ ደነገጠች። "አየኝ!" አለች በልቧ። "ለእናቴ ይነግርብኛል። ለዚህ ነው የሳቀው።" አያችሁ፣ ሌባዋ እሷ ሆና የምትጠረጥረው እሱን ነው።

ከዓይኗ እስኪጠፋ ጠበቀች። ከዚያ ካቡ ውስጥ የቀረውን ጨው አንሥታ ሌላ ቦታ ልትደብቀው አሰበች። መወርወሪያውን አወረደችና ገባች። በቀዳዳው እጇን ሰዳ ስትዳብስ እናቷ ተጣራች።

"ስንዱ! ምን ትሠሪያለሽ እስካሁን?"

ጨዉን በመቀነቷ ወሽቃ እየሮጠች ወጣች። መወርወሪያውስ? መሬት ላይ።

ሲነጋ ይርጋ ከበረቱ በር ላይ ጮኸ። "ቦቃ የለም! ኧረ የማርያም ሰንጋ የለም!"

ስንዱ ከቤት ብቅ ስትል መጀመሪያ ያየችው መወርወሪያውን ነው። ልትናገር አፏን ከፈተች። በማርያም፣ ልትናገር ነበር! እናቷ ግን ቀደመቻት።

"አንዳርጌ ነው! ብያለሁ! አላልኩም?"

ስንዱ አፏን ገጠመች። የእናቷ ጥርጣሬ በልኳ የተሰፋ ልብስ ይመስል ነበር፤ ውስጡ ገብታ ተሸፈነች። "ምናልባት በኋላ ተመልሶ መጥቶ ይሆናል" ብላ አሰበች። "ለነገሩ በረቱን ያየው ለዚሁ ኖሯል።" እኩለ ቀን ሲሆን ራሷም ልታምነው ምንም አልቀራት።

አውጫጭኝ ተጠራ። አውጫጭኝ ምን መሰላችሁ? ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል የአገሩ ወንድ ሁሉ አንድ መስክ ላይ ይሰበሰባል። የሌባው ስም እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። እያንዳንዱ ተራ በተራ ለሹሙ ጆሮ የሚያውቀውን ያንሾካሹካል። የተናጋሪው ስም አይወጣም፤ "ወፍ" ነው የሚባለው። ሹሙ ተነሥቶ "ወፍ እንዲህ አለችኝ" ይላል። ወፏ ማን እንደሆነች መጠየቅ ነውር ነው።

የመንደሩ ጭቃ ሹም ዋሴ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። መስኩ መሃል ተቀመጡ፤ ሰዉም ዙሪያውን ተቀመጠ። ገብሱ አውድማ ላይ ሳይበራይ ቀርቷል። ፀሐዩ ይፈጃል። ሰው እርስ በርሱ በጎን መተያየት ጀመረ። ወንድም ወንድሙን "ትናንት ማታ የት ነበርክ?" አለው። ጎረቤት ከጎረቤቱ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

ስንዱ ለአባቷ ምሳ ይዛ ስትመጣ ከኋላ አንዱ ሲያንሾካሹክ ሰማች።

"ይርጋስ ራሱ አርዶ በልቶት ቢሆን? ማን ያውቃል?"

አባቷም ሰማ። ቁራሹን አጎረሰችው እንጂ አልዋጠውም። ፊቱ ጠቆረ። ስንዱ እንባዋ መጣ። ያን ጊዜ ጭቃ ሹም ዋሴ በእጃቸው ጠሯት።

"ነይ እስቲ የኔ ልጅ። በዚያ ምሽት በረቱ አጠገብ ያየሽው ሰው አለ?"

እውነቱ ምላሷ ላይ ነበር፤ ሙሉው እውነት። ግን ሰዉ ሁሉ ያያታል። አባቷም ያያታል። ጨዉ ደግሞ እስካሁን በመቀነቷ አለ።

"አንዳርጌን አይቻለሁ" አለች በጆሯቸው፣ በቀስታ።

"ምን ሲያደርግ?"

"መወርወሪያውን... ይዞ።"

ልጆች፣ እስቲ ንገሩኝ፤ ስንዱ የተናገረችው ውሸት አለበት? አየችው? አየችው። መወርወሪያውን ይዞ ነበር? ይዞ ነበር። ቃሉ ሁሉ እውነት፣ ነገሩ ሁሉ ውሸት! እንዲህ ያለውን ውሸት እኔ ከሁሉ አብልጬ እፈራዋለሁ።

ጭቃ ሹም ዋሴ ተነሡ። "ወፍ እንዲህ አለችኝ። አንዳርጌ የበረቱን መወርወሪያ ይዞ ታይቷል።"

መስኩ ተናወጠ። "ድሮስ!" "ብለን ነበር!" "ሌባ መቼ ይተዋል!" ቅድም የተጠራጠሩት ወንድማማቾች አሁን እቅፍ ሊገቡ ምንም አልቀራቸው። ክፉ ነገር በአንድ ሰው ላይ ሲያርፍ ሌላው እንዴት ይቀለዋል!

አንዳርጌ ተነሣ። በዚያ ምሽት ማን አጠገቡ እንደነበር የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። በሰዉ መሃል አሻግሮ ስንዱን አያት። እሷ ከአባቷ ጀርባ ተደበቀች።

"ወፏ አልዋሸችም" አለ። "እጄ መወርወሪያው ላይ ነበር። ግን ዘጋሁት እንጂ አልከፈትኩትም።"

"ምስክር አለህ?"

ስሟን ቢጠራ ይበቃው ነበር። ግን አልጠራትም። ልጅቱን በዚያ ሁሉ የተቆጣ ሰው ፊት ማቆም አልሆንልህ አለው።

"እግዚአብሔር አይቷል" አለ በመጨረሻ።

"ሌባ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው!" ብለው ሳቁበት።

"ዋስ ጥራ" አሉት ጭቃ ሹሙ። አንዳርጌ ዙሪያውን አየ። ዋስ የሚሆኑለት አባ ወልደማርያም ብቻ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ በዚያ ቀን ለአገልግሎት ቤተ ልሔም ሄደዋል። ሌላው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ።

ስለዚህ በማግስቱ ንፋስ መውጫ ዳኛ ፊት ሊወስዱት ተቆረጠ። የታቦት ከብት የሰረቀ ሰው በዚያ ዘመን ቀላል ቅጣት አይጠብቀውም፤ እጁ ሊቆረጥ ይችል ነበር። አትንጫጩ! አዎ፣ እጁ። መወርወሪያውን የመለሰባት እጅ።

እንዳያመልጥም ቁራኛ አደረጉት። ቁራኛ ማለት ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸው ጫፍና ጫፉ ይቋጠራል። አብረው ይሄዳሉ፤ አብረው ይበላሉ፤ ቋጠሮው ያለ ሹሙ ፈቃድ አይፈታም። ጭቃ ሹም ዋሴ የአንዳርጌን ኩታ ከይርጋ ኩታ ጋር አጥብቀው ቋጠሩት። እንግዲህ አንዳርጌ ለዚያች ሌሊት የት አደረ? ስንዱ ቤት!

ፈትለወርቅ ቢላውን ደበቀች፤ ማጭዱን ደበቀች፤ ጭልፋውንም ደበቀች። በጭልፋ ምን ሊያደርግ እንደሚችል እሷ ናት የምታውቀው። ከዚያ በምን ወጥ ታውጣ? በፍልጥ እንጨት አማስላ በእጇ ገልብጣ አቀረበች።

ስንዱ የእጅ ውኃ ይዛ ቀረበች። ጎን ለጎን የአባቷ እጅና የአንዳርጌ እጅ ተዘረጉ። የአንዳርጌን ቀኝ እጅ አየች። እንጨት የላጠው፣ የተሰነጣጠቀ እጅ ነው። ነገ ይህ እጅ... ውኃው ሞልቶ መሬት ላይ እየፈሰሰ መሆኑን አላወቀችም።

"ይበቃል ልጄ" አለ አንዳርጌ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አይዞሽ" አላት።

ይርጋ ቀና አለ። "ልጄን ለምንድን ነው አይዞሽ የምትላት?"

"ልጅ ናት፤ ፈርታለች።"

"አንተን ነዋ የፈራችው!"

"ይሆናል" አለ አንዳርጌ። ባርኮ በላ። ጸሎቱን አደረሰና ግድግዳውን ተደግፎ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው።

"አየሽ?" አለች ፈትለወርቅ በስንዱ ጆሮ። "ምንም አልመሰለው! እንዴት ያለ ደረቅ ሌባ ነው!"

ስንዱ ግን አባ በጥምቀት ዕለት ያሏትን አስታወሰች። ሕፃን አባቱን አምኖ ነው የሚኖረው ብለዋታል። ነገ እጁን ሊያጣ የሚችል ሰው አባቱ ቤት እንዳለ ልጅ ተኝቷል። እሷ ግን በገዛ አባቷ ቤት፣ በገዛ መደቧ ላይ፣ መተኛት አቃታት። እዚህ ቤት ውስጥ ሌባው ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት።

ሲነጋ ጭቃ ሹም ዋሴና ሌሎች ሰዎች መጥተው ጉዞ ተጀመረ። ስንዱ ማንም ሳይጠራት ከኋላ ከኋላ ተከተለች። ወደ ንፋስ መውጫ የሚወስደው መንገድ መገንጠያ ላይ አባ ወልደማርያም በበቅሎ ሲመጡ አገኟቸው። ሁለቱን ሰዎች ተቋጥረው ሲያዩ ከበቅሏቸው ወረዱ።

"ይህ ምንድን ነው?"

ነገሯቸው። ሁሉም አንድ ላይ ስለነገራቸው ለመረዳት ጊዜ ወሰደባቸው። አባ ወደ አንዳርጌ ዞሩ።

"ወስደሃል?"

"አልወሰድኩም አባ።"

"እንግዲያ ዋሱ እኔ ነኝ" አሉ አባ።

"አባ፣ እርስዎ የዋህ ነዎት!" አሉ ጭቃ ሹም ዋሴ። "ወፍ በዐይኗ አይታዋለች እኮ!"

"ወፏ ያየችውን ሁሉ ተናግራለች?"

ከኋላ አንዲት ቀጭን ድምፅ ተሰማች።

"አልተናገረችም!"

ሁሉም ዞረ። ስንዱ መንገዱ መሃል ቆማለች።

"ወፏ እኔ ነኝ። አያ አንዳርጌ መወርወሪያውን ዘግተውት ሄዱ። ያወረድኩት እኔ ነኝ። የቦቃን ጨው እኔ ነበርኩ የምበላው። ካቡ ውስጥ ደብቄ... ይኸው!" ብላ ከመቀነቷ ጨዉን አውጥታ በመዳፏ ዘረጋችው። በላብ ርሶ ቀልጦ ትንሽ ነበር የቀረው።

ይርጋ ዱላውን አነሣ። "አንቺ! አንቺ ልጅ!" እያለ ወደ እሷ ተወረወረ። ግን ኩታው ከአንዳርጌ ጋር ተቋጥሯል፤ አንዳርጌ ደግሞ ባለበት ቆመ። ይርጋ አንድ እርምጃ እንኳ አልሄደም።

"ተው ወንድሜ" አለ አንዳርጌ። "ከባዱን ነገር አድርጋለች። አሁን አትምታት።"

ምን? ወርቁ፣ ምን አልክ? ጮክ በል። ቆሎውን የበላኸው አንተ ነህ? እኔ ንጉሴን ስጠረጥር ዝም ብለህ ነበር? እሺ፣ ተቀመጥ። አይ፣ አልቆጣም። ንጉሴ ልጄ፣ ይቅር በለኝ። በል ወርቁ፣ ከቀረህ ቆሎ ለንጉሴ አካፍለው፤ እኛ እንቀጥል።

ጭቃ ሹም ዋሴ ጢማቸውን እየጎተቱ "መልካም፤ ታዲያ በሬው የታለ?" አሉ።

"ልጄ፣ ጨው ከሰጠሽው ብዙ ቀን ሆነ?" ሲል አንዳርጌ ጠየቀ።

"ከገና ጀምሮ አልሰጠሁትም።"

"እንግዲያ አምቦው ጋ ነው።" አምቦ ማለት እታች ገደሉ ሥር የሚፈልቅ፣ ጨው ጨው የሚል ምንጭ ነው።

"እንዴት አወቅህ?" አለ ከመሃል አንዱ። "ራሱ ደብቆት ነው! ለዚህ ነው የሚያውቀው!"

እስቲ ልብ በሉ! ልጅቱ ይህን ሁሉ ተናግራ እንኳ ጥርጣሬ ከሰዉ ልብ አልወጣም። አንዳርጌ አንገቱን ደፋ።

"በክፉ ዘመኔ ከበረት ያመለጠ ከብት የምጠብቀው እዚያ ነበር" አለ። "ጨው የራበው ከብት ሌላ መንገድ አይሄድም።"

"እንውረድ" አሉ አባ።

ጭቃ ሹሙ ግን ቋጠሮውን አልፈቱም። ስለዚህ ይርጋና አንዳርጌ ተቋጥረው ወረዱ። መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ጠጠሩ ይንሸራተታል። ይርጋን አዳለጠው። ገደል አፋፍ ላይ ነበር። አንዳርጌ በዚያች በተሰነጣጠቀች ቀኝ እጁ ክንዱን ጨምድዶ አቆመው። ይርጋ "ተመስገን" አለ፤ ወዲያው አፍሮ ዐይኑን መሬት ላይ ጣለ።

ቦቃ እዚያው ነበር! እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ ምንጩ ዳር ያለውን ነጭ አፈር ይልሳል። አፍንጫው ሁሉ ነጭ ሆኗል። ጅብ በሚመላለስበት ገደል እንዴት ተረፈ? ባለቤቷ ትወቅ፤ ሰንጋው የማርያም ነው። ጭቃ ሹም ዋሴ ግን በሬውን አላዩም፤ መሬቱን ነው ያዩት። ጎንበስ ብለው ዙሪያውን ዞሩ፤ ጭቃውን መረመሩ። የሰው ዱካ ፈለጉ። የቦቃ ኮቴ ብቻ ነበር ያለው።

"የሰው እግር አልረገጠውም" አሉ በመጨረሻ። ቀና ብለው አንዳርጌን ማየት ከበዳቸው።

ቋጠሮውን ሊፈቱ እጃቸውን ዘረጉና ተዉት።

"ነይ ስንዱ" አሉ። "እኔ በእጄ ቋጠርኩት እንጂ ያስቋጠርሽው አንቺ ነሽ። አንቺው ፍቺው።"

ስንዱ ቀረበች። ቋጠሮው በቁልቁለቱ ሲጎተት ውሎ ከርሯል። በጥፍሯ ሞከረች፤ እምቢ አለ። በጥርሷ ነከሰችው። እንባዋ ኩታው ላይ ይንጠባጠባል። አንዳርጌ እንዲመቻት ጨርቁን በቀኝ እጁ ያዘላት። እጁን አየችው። ጥፍሮቹ ጭቃ ይዘዋል፤ ጣቶቹ ሁሉም አሉ።

"ይቅር በሉኝ አያ አንዳርጌ።"

"እኔንም እግዚአብሔር ይቅር ብሎኛል ልጄ" አላት። "ቀስ ብለሽ ጎትቺው። ይኸውልሽ፣ ላላ።"

ቋጠሮው ተፈታ። አሁን ይርጋ ፈቀቅ ሊል ይችል ነበር። አልሄደም። እዚያው ከአንዳርጌ ጎን ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ እንዲህ አለ፦

"ጭቃ ሹም! ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ሰው ዋስ እኔ ነኝ።"

ስንዱ አባ ወልደማርያም እግር ሥር ወደቀች። "ይፍቱኝ አባ።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ።"

"አባ፣ እኔስ እንደ አያ አንዳርጌ እታደሳለሁ?"

"አንቺ የአምላክ ልጅ ሆነሽ ተወልደሻል፤ እሱን ማንም አይወስድብሽም" አሉ አባ መስቀላቸውን እያሳለሟት። "በጥፋትሽ ተደብቀሽ ነበር፤ አሁን ግን ወጥተሻል። ከእንግዲህ የእግዚአብሔርን ምሕረት አምነሽ ኑሪ እንጂ በሰው ጥርጣሬ አትሸፈኚ።" ከዚያ ቀኖናዋን ሰጧት። እስከ ማርያም ድረስ የምትበላው ሁሉ ያለ ጨው ይሁን፤ የእሷ ድርሻ ለቦቃ ይሰጥ አሏት። ሳቁ፣ ሳቁ እናንተ! አንድ ቀን አልጫውን ያለ ጨው ሞክሩትና ታዩታላችሁ።

ፈትለወርቅስ? የዚያኑ ዕለት ማታ ቢላው፣ ማጭዱና ጭልፋው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

በማርያም ዋዜማ፣ አመሻሽ ላይ፣ ስንዱ ለቦቃ የመጨረሻ ጨዉን አስልሳ መወርወሪያውን ዘጋች። አንዳርጌ እንጨት ተሸክሞ ያልፍ ነበር።

"አያ አንዳርጌ!" ብላ ጠራችው። "መወርወሪያውን ቢያዩልኝ? ጠብቋል?"

አንዳርጌ ሸክሙን አወረደ። በቀኝ እጁ መወርወሪያውን ነቅነቅ አደረገው።

"ጠብቋል" አላት። ከዚያ ዐይኑን ጠበብ አድርጎ አያት። "ጉንጭሽስ?"

ስንዱ አፏን እስከ ጉሮሮዋ በሰፊው ከፍታ አሳየችው። ባዶ ነበር።

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር በንስሐ ያደሰውን ሰው በትናንት ስሙ አትጥሩት፤ የራሳችሁንም ጥፋት በእሱ ስም ከመሸፈን ይልቅ ምሕረቱን አምናችሁ እውነቱን ተናገሩ።